ምን በእጅ፣ ምን በጭነት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2022 አንድ የዴልታ አየር መንገድ ኤርባስ ከለንደን ሂትሮው ተነሥቶ ወደ አሜሪካዋ ዲትሮይት በረረ። በወንበሮቹ ላይ አንድም መንገደኛ አልነበረም፤ የጫነው 1,000 ያህል ሻንጣ ብቻ ነው። የኮቪድ ገደብ ተነሥቶ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ለጉዞ ሲነሣ፣ የሂትሮው የሠራተኛ ቁጥር ለመንገደኛው ብዛት አልመጥን አለ። ባለቤቶቻቸው ቀድመው አገራቸው የገቡ ሻንጣዎችም በየአዳራሹ ተከመሩ። አየር መንገዱ ሰው እንዳይጭንበት የተሰረዘውን በረራ ለእነዚህ ሻንጣዎች አዋለው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ወቅት በመንገደኛው ላይ ያሳደረው ስጋት ገና አልለቀቀም። በአውሮፓና በአሜሪካ የጉዞ አምዶች የሚነበበው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ የእጅ ሻንጣ ይዘህ ተጓዝ፣ ካርጎ ውስጥ ምንም አታስገባ፣ ስትደርስ ሻንጣ እስኪመጣ ቆመህ አትጠብቅ ይላል። ምክሩ ለአንድ ዓይነት መንገደኛ ልክ ነው። ለሦስት ቀን ስብሰባ ናይሮቢ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ሁለት ሸሚዝና አንድ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ዋሽንግተን ያለች አራስ ልጇን ልትንከባከብ ከቦሌ ለምትነሣ እናት ግን ምክሩ ምንም አይፈይድም። የገንፎ ዱቄቱን፣ በሶውን፣ በርበሬውን፣ ለሕፃኑ የተገዛውን ጋቢ በሰባት ኪሎ የእጅ ሻንጣ ጠቅልላ ልትሄድ አትችልም።

ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ ማየት ይገባል። ሁለቱም ሻንጣዎች የየራሳቸው ሕግ፣ የየራሳቸው አደጋና የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ነገሩን በቅርብ ያየ ሰው የሚደርስበት ሐሳብ ውሳኔው በየዕቃው ይሁን የሚል ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ቢዘገይ፣ ቢሰበር ወይም ፍተሻ ላይ ቢያዝ ምን ይከተላል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የእጅ ሻንጣ ዛሬ ያለውን ቦታ ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ የሻንጣ አምራች ሻንጣ ላይ ጎማ በመግጠሙ በ1972 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። የእሱ ሻንጣ አግድም ተኝቶ በማሰሪያ የሚጎተት ነበር። በ1987 ደግሞ የኖርዝዌስት አየር መንገድ አብራሪ የነበረው ሮበርት ፕላዝ ቁመቱን የሚቆም፣ ሁለት ጎማና ረጅም እጀታ ያለው ሻንጣ ሠራ። መጀመሪያ የሸጠው ለሥራ ባልደረቦቹ ነበር። መንገደኞች ግን የበረራ አስተናጋጆች ያንን ሻንጣ እየጎተቱ አዳራሹን ሲያቋርጡ አይተው ለራሳቸው ይፈልጉት ጀመር። ሸክም የነበረው ነገር በአንድ እጅ የሚጎተት ሆነ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በገንዘብ ምክንያት ነው። በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አሜሪካን ኤርላይንስ በአገር ውስጥ በረራ ለመጀመሪያዋ የምትጫን ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ሌሎቹም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉት። ከዚያ በፊት ሻንጣ ማስጫን በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ያለ፣ ማንም የማያስበው ነገር ነበር። ነዳጅ ረከሰ፤ ክፍያው ግን አልቀረም። ዛሬ የአሜሪካ አየር መንገዶች ከሻንጣ ብቻ በዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሰበስባሉ። የአገር ውስጥ ቲኬት ላይ 7.5 በመቶ የፌዴራል ታክስ አለ፤ የሻንጣ ክፍያ ግን ከዚህ ታክስ ነፃ ነው። አየር መንገዶቹ ክፍያውን የሙጥኝ ያሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት ሻንጣ በነፃ መጫንን ለዓመታት መለያው አድርጎ የኖረው ሳውዝዌስት እንኳ በሜይ 2025 መጨረሻ እጁን ሰጠ።

መንገደኛው ለክፍያው የሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ሁሉንም ዕቃ በእጅ ሻንጣ ጠቅጥቆ ወደ አውሮፕላኑ መግባት ጀመረ፤ ከወንበር በላይ ያለው መደርደሪያም ሞላ። ስፒሪት አየር መንገድ በ2010 ለዚያ መደርደሪያም ማስከፈል ጀመረ። በአውሮፓም ራያንኤር ከ2018 ወዲህ በርካሽ ቲኬት የሚጓዝ ሰው ከወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ በነፃ እንዲይዝ ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 በሰጠው ውሳኔ፣ በሚጫን ሻንጣ ላይ ማስከፈል ይቻላል፣ ተመጣጣኝ ክብደትና መጠን ያለው የእጅ ሻንጣ ግን የጉዞው አስፈላጊ አካል ስለሆነ ተጨማሪ ሊከፈልበት አይገባም ብሎ ነበር። የስፔን መንግሥት በኖቬምበር 2024 በአምስት ርካሽ አየር መንገዶች ላይ በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የጣለው በዚሁ የእጅ ሻንጣ ክፍያና መሰል አሠራሮች ነው፤ አየር መንገዶቹ ቅጣቱን ተቃውመዋል። ልኩም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር በ2015 ሁሉም አየር መንገድ የሚቀበለው 55 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጠን ሐሳብ አቅርቦ፣ ከአሜሪካ በተነሣ ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ አቆመው። አንዱ አውሮፕላን ውስጥ የገባ ሻንጣ በሌላው መግቢያ በር ላይ ትልቅ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ካርጎ አትጠቀም» የሚለው ምክር የተወለደው ከዚህ ገበያ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ያለበት ሁኔታ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ መስመሮቹ ለኢኮኖሚ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በቲኬቱ ውስጥ ይፈቅዳል። በእጅ የሚፈቀደው ደግሞ 7 ኪሎ ነው። በአንድ በኩል 46 ኪሎ፣ በሌላ በኩል 7 ኪሎ ሲቀመጥ፣ የተከፈለበትን 46 ኪሎ ትቶ በሰባቱ ብቻ መሄድ ለብዙ ቤተሰብ ኪሳራ ነው። (ፈቃዱ እንደ መስመሩና እንደ ቲኬቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። አንዳንድ አየር መንገድ በሻንጣ ቁጥር፣ አንዳንዱ ደግሞ በጠቅላላ ኪሎ ይቆጥራል። በጠቅላላ ኪሎ የሚሄድ ሰው አንዱን ሻንጣ 28፣ ሌላውን 12 ቢያደርገው ላይቸገር ይችላል፤ በሻንጣ ቁጥር በሚሄድበት ላይ ግን 28ቱ ያስቀጣል።)

ቦሌ ላይ ሌሊት የአሜሪካና የአውሮፓ በረራዎች በሚመዘገቡበት ሰዓት ሚዛኑ አካባቢ የሚታየው ይህንኑ ያስረዳል። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ 26.4 ይላል። ቤተሰቡ ወደ ጎን ይላል፤ ሻንጣው መሬት ላይ ይከፈታል። በሦስት ፌስታል የተደራረበ በርበሬ ይወጣል፣ ቅመሙ ከሥሩ ይከተላል፣ ሁለተኛው ሻንጣ ዚፑ ይከፈትና ሽሮው ከጫማዎቹ አጠገብ ቦታ ይሰጠዋል። አባት እጀታውን ይዘው ክብደቱን በግምት ይመዝናሉ። መልሶ ሲመዘን 23.1 ይላል፤ ሠራተኛዋም አይታ ታሳልፈዋለች። ቤት ውስጥ ትንሽ የእጅ ሚዛን ቢኖር ይህ ሁሉ ትርምስ በቀረ ነበር ብሎ መናገር ይቻላል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሲያመጡ ያመሹት ዘመዶች የመጨረሻዋን ግማሽ ኪሎ እስከ በሩ ድረስ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም።

ያ ክብደት በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። 23 ኪሎ 50 ፓውንድ ገደማ ነው፤ 32 ኪሎ ደግሞ 70 ፓውንድ ገደማ። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ ነጠላ ሻንጣ ቢከፈልበትም በአብዛኛው የማይጫነው ለሠራተኞች ወገብ ተብሎ ነው። በጠባብ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተንበርክኮ ሻንጣ የሚደረድር ሰው አለ። የሻንጣውን ክብደት የሚያነሣው እሱ ነው።

በውጭ የሚኖረው ወገንም ይህን ኪሎ ያውቀዋል። አንድ ሰው አዲስ አበባ ሊሄድ ነው ከተባለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን ፍራንክፈርት፣ «ኪሎ አለህ?» የሚል ስልክ ይደወልለታል። መድኃኒት ለአክስት፣ ጫማ ለታናሽ ወንድም፣ ስልክ ለተመራቂ ይላካል። ሲመለስ ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ድርቆሽ። ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የምትመለስ ሴት የዓመታት ላብዋ በከፊል በሁለት ሻንጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ለእነዚህ መንገደኞች የሚጫነው ሻንጣ የቤተሰብ ነው፤ እነሱ ተሸካሚዎቹ ናቸው። የጉዞ ምክር የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ኖሮ «ቀለል ብለህ ተጓዝ» የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ ባልጻፉት ነበር።

የሚፈራው አደጋስ ምን ያህል ነው? የአየር መንገዶችን የሻንጣ መረጃ የሚሰበስበው ሲታ የተባለው ድርጅት በ2007 ከ1,000 መንገደኞች ወደ 19 የሚጠጉ ሻንጣዎች ዘግይተው፣ ተጎድተው ወይም ጠፍተው እንደነበር መዝግቧል። በ2024 ቁጥሩ ወደ 6.3 ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ ሆኖም በዓለም ዙሪያ ሲደመር ከ33 ሚሊዮን በላይ ሻንጣ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው የዘገየ እንጂ የጠፋ አይደለም፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉም በ48 ሰዓት ውስጥ ጉዳዩ ተፈትቷል። ዘግይቶ የሚመጣ የባህል ልብስ ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ልብስ ነው። ለቅዳሜ ሠርግ ዓርብ የሚደርስ ሰው ያንን ቀሚስ በእጁ ይያዝ።

ትልቁ የችግር ምንጭ ትራንዚት ነው። በ2024 ከተከሰቱት ችግሮች 41 በመቶ ያህሉ ሻንጣ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲዛወር የተፈጠሩ ናቸው። ሰው አንድ ሰዓት ቢኖረው ሮጦ በሩ ላይ ይደርሳል። ሻንጣው ግን ከመጀመሪያው አውሮፕላን ወርዶ፣ ተለይቶ፣ አንዳንዴም እንደገና ተፈትሾ፣ በጋሪ ተጎትቶ ነው ሁለተኛው ዘንድ የሚደርሰው። ስለዚህ ቀጥታ በረራ ያለው ሰው ሻንጣውን ቢያስጭን የሚደርስበት ስጋት አነስተኛ ነው። ሁለት ጊዜ አውሮፕላን የሚቀይር፣ በዚያም ላይ የመቀየሪያው ጊዜ ያጠረበት ሰው ግን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚያስፈልገው ነገር እንዳይኖር ማድረግ አለበት።

ሻንጣው የሚመራው እጀታው ላይ በሚጠመጠመው ነጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥርና ባለ ሦስት ፊደል የመድረሻ መለያ ታትሟል። ከአሥሩ አሃዞች ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች የሻንጣው ተራ ቁጥር ናቸው። በየመንገዱ ያሉት ማሽኖች የሚያነቡት ይህን ነው። ማሽኑ የባለቤቱን ስም አይጠይቅም። ዋሽንግተን አካባቢ ሦስት አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ፣ ደለስ የሚወርድ ሰው ወረቀቱ ላይ የሬገን ወይም የባልቲሞር መለያ እንዳልታተመ ከመስኮቱ ሳይርቅ ቢያይ ደግ ነው። ያለፈው ጉዞ አሮጌ ወረቀት ሳይነቀል የቀረ እንደሆነ ማሽኑ የትኛውን ባርኮድ ማንበብ እንዳለበት ሊምታታበት ይችላል። ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አባል አየር መንገዶች ሻንጣን በአራት ቦታ፣ ሲረከቡ፣ አውሮፕላን ላይ ሲጭኑ፣ ሲያዛውሩና ሲያስረክቡ እንዲመዘግቡ ደንብ ወጥቶባቸዋል። የሚዘገዩና የሚጠፉ ሻንጣዎች ቁጥር የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ ደግሞ በብዛት የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ደለስ ደርሶ ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ሲያትል የሚቀጥል ሰው፣ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ከተማ ቢጻፍም፣ ሻንጣውን ደለስ ላይ መረከብ አለበት። ፓስፖርት ካስመታ በኋላ ሻንጣውን አንሥቶ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ ለቀጣዩ በረራ እንደገና ያስረክባል። እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናትና አባት ይህን ሳያውቁ ቀጥ ብለው ወደ ቀጣዩ በር ሲሄዱ ሻንጣው እዚያው ይቀራል። ልጆች ቲኬት ሲቆርጡ ይህችን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢልኩ ብዙ ጭንቀት ይቀራል።

ባለቤቱ ያልተገኘ ሻንጣ ወዴት ይሄዳል? በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ስኮትስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከ1970 ጀምሮ አየር መንገዶች ባለቤት አጥተው ካሣ የከፈሉባቸውን ሻንጣዎች ገዝቶ ዕቃውን የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሻንጣው እዚያ እንዳይደርስ ላዩ ላይ ስምና ስልክ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የውጩ መለያ ይገነጠላልና ውስጡም አንድ ወረቀት መቀመጥ አለበት።

አሁን ወደ ፍተሻው እንምጣ። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የእጅ ሻንጣ ትልቁ እንቅፋት ያለው እዚህ ነው። በኦገስት 2006 እንግሊዝ ውስጥ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማጋየት የታሰበ ሴራ ከከሸፈ በኋላ፣ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በአዲስ ዓይነት የፍተሻ ማሽን የሚሠሩ አንዳንድ ማረፊያዎች ገደቡን ማላላት ጀምረዋል፤ በመንገድ ላይ ያሉት ሁሉ ግን እኩል አላደረጉትም። ማር ፈሳሽ ነው። አዋዜና ዳጣም እንዲሁ። የሚቀባ ነገር ሁሉ በፈታሽ ዓይን ከፈሳሽ ጋር ይቆጠራልና የተነጠረ ቅቤም ከዚያው ይመደባል። አንድ ኪሎ ማር በእጅ ይዞ የመጣ ሰው ከፍተሻው ጠረጴዛ ባዶ እጁን ያልፋል።

ዱቄትም የራሱ ደንብ አለው። ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ በቀጥታ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ፈታሹ ካልረካም አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር የአንድ ለስላሳ ቆርቆሮ ያህል ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ የተፈጨ ቡና ሁሉ ዱቄት ነው። የእነዚህ ቦታ ያለ ጥያቄ የሚጫነው ሻንጣ ነው። እንጀራና ድርቆሽ ግን ፈሳሽም ዱቄትም ስላልሆኑ በእጅ ቢያዙ ከፍተሻ ደንብ ጋር አይጋጩም።

ፍተሻ ያሳለፈውን ጉምሩክ ላያሳልፈው ይችላል። ወደ አሜሪካ ቋንጣ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድምና ቅቤና አይብ እዚያው በር ላይ ይቀራሉ፤ ማር ግን እስከ ሁለት ኪሎ ያልፋል። የተቆላ ቡና አሜሪካ ላይ ችግር የለበትም። የያዙትን ምግብ ሁሉ በሐቅ ማስመዝገብ ይሻላል። የተመዘገበ ዕቃ ቢከለከል የሚወሰደው ዕቃው ብቻ ነው፤ የተደበቀ ሲገኝ ግን ቅጣት ይከተላል።

በተቃራኒው፣ ፈጽሞ መጫን የሌለበት ዕቃ አለ፤ ከሁሉ በፊት የሚመጣውም ፓወር ባንክ ነው። የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ከተጎዳ በራሱ ይግላል፣ ይነዳል፣ ጎረቤቱን ባትሪም ያቀጣጥላል። መንገደኞች ባሉበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ጭሱ ይታያል፣ አስተናጋጆቹ ውኃ ያፈሱበታል። በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ከሆነ ግን ማንም አይደርስለትም፤ እዚያ ያለው የእሳት ማጥፊያ ነበልባሉን ያፍነው ይሆናል እንጂ የባትሪውን ግለት አያቆመውም። ስለዚህ መለዋወጫ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ብቻ እንዲያዙ ደንቡ ያዛል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከዚያ በላይ ክልክል ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል። ላዩ ላይ ያለው የአቅም ጽሑፍ የተፋቀ ከሆነ ግን ፈታሹ ማመን አይገደድም።

በጃንዋሪ 2025 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ ማረፊያ ለመነሣት ተዘጋጅቶ የነበረ የኤር ቡሳን ኤርባስ ከወንበር በላይ ካለው መደርደሪያ በተነሣ እሳት ጋየ። 176ቱም ሰዎች ወጡ። መርማሪዎች የእሳቱ መነሻ ፓወር ባንክ ሳይሆን እንዳልቀረ ገለጹ። አገሪቱም ፓወር ባንክ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ፣ መንገደኛው አጠገቡ እንዲይዘው ደነገገች። ኤምሬትስ ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀሙን ከለከለ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን የዱባይ መንገድ ቅርብ ነውና ይህን ማወቅ ይበጃል።

የእጅ ሻንጣ እስከ መጨረሻው ከባለቤቱ ጋር ላይቆይ ይችላል። አውሮፕላኑ ከሞላ መግቢያ በሩ ላይ ሠራተኞች ጎማ ያላቸውን ሻንጣዎች ወስደው ይጭናሉ። በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በሚበሩት ኪው 400 ዓይነት ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ መደርደሪያው ጠባብ ስለሆነ፣ በትልቁ አውሮፕላን ያለፈው ሻንጣ እዚህ አይገባም። ሠራተኛዋ «ይህን እንጭነዋለን» ስትል ሰው ተደናግጦ ይሰጣታል፤ ፓወር ባንኩ፣ መድኃኒቱ፣ አንዳንዴም ፓስፖርቱ አብሮ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። በእጅ ሻንጣው ውስጥ ሌላ ትንሽ ከረጢት ይኑርና ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ስልክና ባትሪ እዚያ ውስጥ ይሁኑ፤ ሻንጣው ቢወሰድ ከረጢቱ ትከሻ ላይ ይቀራል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በተለይ ይህን ማጥበቅ አለበት፤ የጭነት ክፍሉ ቅዝቃዜ መድኃኒቱን ሊያበላሸው ይችላል።

ያ ከረጢት ትንሽ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። በጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ሲያርፍ ከባሕር ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሲቃጠል 379ኙም ሰዎች በሕይወት ወጡ። ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ወጥተዋል። ላፕቶፑን፣ ሰነዱን፣ የዓመታት ፎቶውን ሁሉ ላይ መደርደሪያ የከተተ ሰው በዚያች ቅጽበት እጁ ወደ ላይ መዘርጋቱ አይቀርም። ከኋላው ያለው ሰው ደግሞ በሩን እየጠበቀ ነው።

ስለ አደራ ሳይነገር ይህ ጉዳይ አያልቅም። በጁላይ 2017 ሲድኒ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ወደ አቡዳቢ የሚበር ሦስተኛ ወንድማቸው ሻንጣ ውስጥ፣ እሱ ሳያውቅ፣ በሥጋ መፍጫ የተደበቀ ፈንጂ አስገብተው ነበር። ዕቃው የተመለሰው መመዝገቢያው ላይ ሻንጣው ስለከበደ ነው። ሁለቱ ተፈርዶባቸዋል፤ ዱቄት ላይ የወጣው ደንብም ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። የሥጋ ወንድም እንዲህ ካደረገ፣ የጎረቤት የሥራ ባልደረባ የላከውን የተሰፋ ጥቅል ሳይከፍቱ መቀበል ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ መገመት አያስቸግርም። በመመዝገቢያው «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ በሐቅ «አዎ» ማለት የሚችለው እያንዳንዱን ፌስታል ፈትቶ ያየ ሰው ብቻ ነው። ላኪውም ቢሆን ከፍቶ ቢያሳይ ክብሩ አይቀንስም። መልእክት ማድረስ ከአባቶች የወረስነው መልካም ነገር ነው፤ እንዲቀጥል ከተፈለገ ከፍቶ ማየት የወግ አንድ ክፍል ይሁን።

ሁሉ ነገር ተጠንቅቆ ሻንጣው ባይመጣስ? ዓለም አቀፍ በረራን የሚገዛው በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት ለሚጫን ሻንጣ መጥፋት፣ መጎዳት ወይም መዘግየት አየር መንገዱ ለአንድ መንገደኛ የሚጠየቅበት ጣሪያ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር (ዓለም አቀፍ የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይመጣል። ጣሪያው በሻንጣ ሳይሆን በሰው ነው፤ ሁለቱም ቢጠፉ ያው ነው። ከዚያ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ የሚጭን ሰው ሲያስረክብ ዋጋውን አስመዝግቦና ተጨማሪ ከፍሎ ጣሪያውን ሊያስነሣ ይችላል። ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብና ኤሌክትሮኒክስ ግን አብዛኞቹ አየር መንገዶች በውላቸው እንዳይጫኑ ያስጠነቅቃሉ። ከቤይሩት የምትመለሰው እህት ወርቋን አንገቷ ላይ ወይም ከረጢቷ ውስጥ ትያዝ የሚባለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በእጅ የተያዘ ዕቃ ላይ ደግሞ አየር መንገዱ የሚጠየቀው ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ሻንጣ እጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በ21 ቀን ውስጥ ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ካናዳዊው ዘፋኝ ዴቭ ካሮል በ2008 በዩናይትድ አየር መንገድ ሲበር 3,500 ዶላር የሚያወጣ ጊታሩ ተሰበረ። አየር መንገዱ በ24 ሰዓት ውስጥ አላመለከትክም ብሎ ካሣ ነፈገው። በቀጣዩ ዓመት ስለ ጊታሩ የሠራው ዘፈን በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ፤ ሁሉም ሰው ግን ዘፋኝ አይደለም። ስለዚህ ሻንጣው ካልመጣ ወይም ጎማው ተነቅሎ ከመጣ፣ ከአዳራሹ ሳይወጡ የሻንጣ ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ማስመዝገብና የፋይል ቁጥር መቀበል ያስፈልጋል። ቁጥሩን የሚሰጡት ሻንጣው ሲመዘገብ ከእጀታው ወረቀት ጋር የተሰጠውን ተለጣፊ ደረሰኝ አይተው ነው፤ አብዛኛው ሰው ፓስፖርቱ ጀርባ ላይ ወይም ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ለጥፎት ይገኛል። ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ስልክ ላይ የተነሣ የውስጡ ፎቶ ያግዛል። በመዘግየቱ ምክንያት የተገዛ የጥርስ ብሩሽ፣ የውስጥ ልብስ፣ የሕፃን ወተት ዋጋ ሊመለስ ይችላል፤ ደረሰኙ ግን ይጠየቃል።